የሉዶልፍ የቁስለኛ ባጅ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ... ይሄን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የሰማሁት ወሬ አይደለም። በራሴ፣ በኔ በማይከ የደረሰ ነው። ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጎስላር ከተማ፣ አያቴ ክፍል ውስጥ። ደግሞ ጨለማ ምናምን እንዳይመስልሽ... ፀሐይዋ አልጋው ላይ ነበረች።

አያቴ ኦፓ ኤጎን ታሟል፣ ከአልጋ አይነሳም። አባቱን ሉዶልፍን አይቶት አያውቅም። "በጦርነቱ ሞተ" እያሉ ነው ያሳደጉት።

ታዲያ የእናቱን የድሮ የስፌት መኪና ልንሰጥ ስናወጣው፣ እሷ ከሞተች ወዲህ ማንም ያልከፈተው መሳቢያ ውስጥ አንድ ባጅ ተገኘ። ጥቁር ነው። ለቆሰለ ወታደር የሚሰጥ፣ የብረት ቆብ የተቀረጸበት።

እኛ አገር ይሄን መለየት ቀላል ነው። የጦርነቱ ጊዜ ከሆነ ቆቡ ላይ የናዚዎቹ ምልክት፣ ስዋስቲካ አለ። ከጦርነቱ በኋላ ምልክቱ ተከለከለ፤ የድሮ ወታደሮች ማድረግ የተፈቀደላቸው ያለ ስዋስቲካ እንደ አዲስ የተሠራውን ነው። ስለዚህ ስዋስቲካ ከሌለው... ሉዶልፍ ከጦርነቱ በኋላ በሕይወት ነበር ማለት ነው።

ገባሽ? ኦፓም ወዲያው ገባው።

"ማይከ... ዓይኔ አያይልኝም። አንቺ እዪልኝ። ሞቶ ነው ወይስ ትቶኝ ነው የቀረው?"

አየሁት። ስዋስቲካው ቁልጭ ብሎ አለ!

"የጦርነቱ ጊዜ ነው ኦፓ! አልተወህም!"

አለቀሰ። ሰማንያ ምናምን ዓመቱ ነው እኮ... እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እማዬ ገባችና ባጁን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"የቱ ስዋስቲካ? ልሙጥ ነው እኮ! መነጽርሽን የት ጣልሽው?"

አየሁት።

ልሙጥ... የተፋቀ ነገር እንኳን የለበትም።

"እማ በናትሽ፣ አሁን ነበረ!"

"በታመመ ሰው አትቀልጂ!" ብላኝ ወጣች።

ኦፓ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ እንዴት እንደተናደድኩ! በዓይኔ አይቼው እኮ ነው!

እሁድ ይዤው አሮጌ ዕቃ ገበያ ሄድኩ። የጓደኛዬ የፊንያ አባት፣ ሄር ቤንከ፣ የድሮ የወታደር ዕቃ ይሸጣሉ። በአጉሊ መነጽር አገላብጠው አዩት።

"የጦርነቱ ነው" አሉ። "ምልክቱም አለ፣ ብረቱም አርጅቶ ዝጓል።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነኝ፣ ልጄ።"

ምልክቱን በአደባባይ ማሳየት ክልክል ስለሆነ ስዋስቲካው ላይ ትንሽ ክብ ወረቀት ለጠፉበት። እኔ አየሁ፣ ፊንያ አየች፣ እሳቸው አዩ። ሦስት ሰው!

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። "ኦፓ፣ ጣትህን አምጣ፣ ራስህ ዳስሰው" አልኩና ወረቀቱን ላጥኩት...

ከሥሩ ምንም የለም።

ምንም!

ኦፓ በጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። እኔ ግን ቱግ አልኩ። ባጁ ላይ ጮህኩበት አልኩሽ!

"ምናባህ ነው የምትፈልገው! አንዱን ሁን በቃ!"

"አትጩሂ..." አለ ኦፓ፣ በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"ይሰማሻል።"

"ማን?"

ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበው።

ያኔ ነው ያስተዋልኩት... ከባጁ ጀርባ ያለው መርፌ ሞቋል። አሁን ከሰው ደረት ላይ የተነቀለ ነው የሚመስለው። ጫፉ ላይ ደግሞ ግራጫ የሱፍ ክር ተንጠልጥሏል።

ሄር ቤንከ ሲያዩት ክር አልነበረም። እምልልሻለሁ አልነበረም!

ቤት አላሳደርኩትም። ይዤው ወደ ፊንያ ተመለስኩ።

"አባትሽ ዕቃ የሚደረድሩበት መስታወት ሳጥን ውስጥ ቆልፊበት። ጠዋት ራስሽ አይተሽ ንገሪኝ።"

"አንቺ? ባጅ ፈራሽ?" ብላ ሳቀችብኝ።

"ሳቂ፣ ግድ የለም። አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። የጦርነቱ ነው ወይስ ከዛ በኋላ? ኦፓ ሳያውቅ እንዲሞት አልፈልግም።"

ሰኞ ጠዋት ኦፓ ምንም አልቀመሰም። ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

"መጣ?" ይለኛል።

መልሱን ነው... ወይስ ሌላ ነገር? እኔንጃ። ልጠይቀውም አልደፈርኩም።

ስልኬ ጮኸ። ፊንያ ናት። የጻፈችልኝን አንዲት ፊደል ሳልቀይር ልንገርሽ፦

"ማይከ ሳጥኑን አሁን ከፈትኩት። የጦርነቱም አይደለም፣ ከዛ በኋላም አይደለም፤ ዛሬ የተሠራ ነው። ጥቁር ቀለሙ እጄ ላይ ለቀቀ... ገና አልደረቀም።"