አንድ ካርድ፣ አንድ ሰው

የልጅ ልጄ ማርያማዊት ሶዶ ዳር አዲስ በተከፈተው የዳታ ማዕከል የጥበቃ ክፍል ተቀጠረች። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን ነገር የሚያንቀሳቅሱ ማሽኖች ተደርድረው የሚያገሱበት ቤት ነው። እሳት ይነሣል፣ ሌባ ይገባል፣ ጠላት ሽቦ ይቆርጣል ሲሉ እሰማለሁ። እንግዲህ እንዴት አልስጋ?

እሷ ግን ስለ ሌባ አታወራም፤ የምታወራው ባሮክ ስለሚባል የቤሌ ከተማ ልጅ ነው። የማሽኖቹ ባለሙያ ነው።

«በሩ በአንድ ካርድ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስገባው፣ እማማ። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ‹ቅደሚ› ይለኛል። እኔ ‹አንተ ቅደም› እለዋለሁ። ከኋላችን ያለው ሰው ይቆጣል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። እንተያያለን።»

እንተያያለን! ልቤ ዘለለ። ልጁን ሳላየው ልቀር ነው? በማግስቱ ቦዬ የሚባለውን የአገራችንን ሥራ ሥር ቀቅዬ፣ ዳጣ ከምንለው ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ ጋር በምሳ ዕቃ ይዤ በባጃጅ ሄድኩ። የውጭው ጠባቂ መኪና ሲፈትሽ በጎን አለፍኩና የመስታወቱ በር ጋ ደረስኩ።

«እማማ፣ ፀሐይ ላይ አይቁሙ። ምን ይዘው ነው?» አለኝ አንድ ረጅም ልጅ።

«ዳጣ።»

ሳቀ። «ዳታማ ውስጥም ሞልቷል።» ካርዱን አስነክቶ በሩን ያዘልኝ። «ይቅደሙ፣ ይግቡ።»

ገባሁ። ወዲያው አንድ ነገር ይጮህ ጀመር፤ ቀይ መብራት በራ። ማርያማዊት እየሮጠች መጣች።

«እማማ! ማን አስገባሽ?»

«ማንም! ራሴ ነኝ፣ ተሳስቼ…»

«እኔ ነኝ ያስገባኋቸው፣ ማርያማዊት» አለ ልጁ።

ስሟን ሲጠራ ያኔ ገባኝ። ባሮክ ነው! ተያዩ። ጩኸቱ እንኳ የተሰማቸው አይመስልም።

ከዚያ እሷ ጥፋት የሚመዘገብበትን ወረቀት አወጣች። በዚህ ጥፋት ሰው ከሥራ እንደሚባረር ነግራኝ ነበር። እጇን ያዝኩት።

«ልጄ፣ እንዳላየሽ ሁኚ። አክብሮኝ እኮ ነው!»

«ዛሬ አንቺ ነሽ። ነገ እሳት የሚለኩስ ሰው ቢከተለውስ?» ጣቷን ወደ ውስጥ ቀሰረች። «እዚያ ማሽኖቹ መሀል ቀኑን ሙሉ የሚቆመው ማን ሆነና? እሱ እኮ ነው!»

ያለችው ነገር ለራሷም ገና አሁን ተሰማት። ባሮክ ወለል ወለሉን አየ፤ ፈገግታው ግን አምልጦት ነበር።

«ጻፊው» አላት በቀስታ። «አንድም ሳትቀንሺ።»

ጻፈችው። አለቃቸው አቶ ወንደሰን «ዳጣ ገባ» የሚለውን «ዳታ» ብለው አንብበው ግማሽ ቀን ሲያስፈትሹ ዋሉ አሉ። ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ፤ ባሮክም ጥፋቱን ስላመነ ሳያባርሩት ለሁለት ሳምንት ከሥራ አገዱት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ማርያማዊት እህል አልቀምስ አለች። እኔም በምሳ ዕቃዬ የተነሣ ተለያዩ ብዬ ማርያምን ስለምን ከረምኩ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን እየበረረች ቤት ገባች።

«እማማ! ዛሬ ‹ቅደሚ› አላለኝም!»

«ወይኔ! ተቀይሞ ነው?»

«ኧረ አይደለም! ቀድሞኝ ገባና ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ ጠበቀኝ። ስገባ፣ ‹እሑድ ሽማግሌ ልልክ ነው፤ ይሄንንም ትጽፊዋለሽ?› አለኝ።»

እልልታዬን ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃችን ደረሱ። እኔ እንደሆነ ስጋት አይለቀኝም፤ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አንድ በአንድ! መታወቂያም አሳዩኝ።»

ደንግጠው ኪሳቸውን ሲዳብሱ ማርያማዊት ከጓዳ በሳቅ ፈነዳች።

ከአጥሩ ማዶ አንድ ረጅም ልጅ አጎንብሶ አየሁ። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይመጣም፤ እሱ ግን መታገሥ አቅቶታል። በሩን በሁለት እጄ ይዤ ወለል አድርጌ ከፈትኩለት።

«ና ቅደም፣ ግባ» አልኩት። «ይሄኛውን በር የምጠብቀው እኔ ነኝ።»