ፎቶ ጀርባ የለውም

ካላመናችሁኝ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት፣ ቦታው ኤዴ ከተማ፣ የእንጨት ቀራጩ የባባ አጃኒ ግቢ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

መንታ ሴቶች ልጆች ነበሩኝ፣ ታይዎና ኬሂንዴ። በአራት ዓመታቸው ኬሂንዴን ኩፍኝ ወሰደብኝ።

በእኛ ዘንድ ከመንታ አንዷ ስትሞት ምስሏ በእንጨት ይቀረጻል። እናት ምስሉን ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ታዝለዋለች። ማረፊያ ያጣች ሙት የቀረችውን ትጠራለች ይባላል።

ባለቤቴ ጣዖት ቤቴ አይገባም አለ። ፎቶ ይበቃል ተባለ።

የኬሂንዴ ፎቶ ስላልነበረን፣ ፎቶ አንሺ ጠርተን መልኳ ያው የሆነውን ታይዎን አነሳና ሁለት አጥቦ ጎን ለጎን አጣበቀልን። የግራዋን ታይዎ፣ የቀኟን ኬሂንዴ አልናት። ሁለቱም ግን ታይዎ ነበሩ...

ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ከሥሩ ለመንታ የሚቀርበውን የተቀቀለ አደንጓሬ እያስቀመጥኩ ተጽናናሁ።

በሳምንቱ የቀኟ ልጅ አንድ ጆሮዋ ወደ እኔ ዞሮ ታየኝ።

ፊት ለፊት ነበር የተነሳችው። ዓይኔ ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ የሚታየኝ አንድ ጉንጯ ብቻ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ማጅራቷ...

ደንግጬ ታይዎን አፈፍ አድርጌ አዘልኳት። እንደ ባዶ ነጠላ ቀለለችኝ። የቀረችኝን አንዷን ልነጠቅ ነው ብዬ፣ ለባሌ ሳልነግር ወደ ባባ አጃኒ ሮጥኩ።

ሽማግሌው አልተቆጡኝም። ዛሬውኑ እጀምርልሻለሁ፣ ግን በመጀመሪያ የእህቷን ሹሩባ ከኋላ ልየው አሉ። ፎቶ አለኝ ስላቸው ሳቅ አሉ።

"ፎቶ ምን ያደርግልኛል? ጀርባ የለው። እንጨት ዙሪያውን ካልታየ ልጅ አይሆንም።"

ታይዎን መሃል ግቢ አቆምናት። ባባ ከኋላዋ ዞሩ።

ቆሙ።

በግራ ዞሩ። በቀኝ ተመለሱ። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። እግሮቿን እያየሁ ነበር፣ ከአፈሩ አልተነሱም።

"የመንታ እናት... እስቲ ወዲህ ነይ" አሉኝ በሹክሹክታ።

ሄጄ ከኋላዋ ቆምኩ።

ፊቷ ነበር። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

በጎኗ ዞርኩ... አሁንም ፊቷ።

ባባ መጥረቢያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"የትኛዋን ነው ያመጣሽልኝ?"

ልጅቷ አጠገብ በርከክ አልኩ።

"ታይዎዬ" አልኳት፣ "እስቲ ጀርባሽን አሳዪኝ።"

ፈገግ አለች።

"እማዬ... ታይዎ እኮ ቤት ናት።"

ልጅቷን ባባ ዘንድ ትቼ እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። በሩን ገፍቼ ፎቶው ፊት ቆምኩ።

የቀኟ ልጅ ጀርባዋን ሙሉ በሙሉ ሰጥታኛለች። ጠዋት ካየኋት ደግሞ አንሳለች... በጣም አንሳለች።

እየሄደች ነው።

ታይዎ ብዬ በስሟ ጠራኋት። ደጋግሜ ጠራኋት።

ዞር ሳትል አንድ እግሯን ከመሬት አነሳች።