ግማሹ ያልተቀባ ፊት

አታምኑኝም። ችግር የለውም፤ እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላምንም። ብቻ የደረሰብኝን ልንገራችሁና እንደ ፍጥርጥራችሁ።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ፣ የሚያላዝን ውሻ የለ።

እኔ አንድ የተዘጋ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ድሮ ደንበኞች የሚኳኳሉበት ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ባጭሩ ልበል። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስታቲስቲክስ ተማርኩ። በጥሩ ውጤት ጨረስኩ። ከዚያ ሜካፕ አርቲስት ነው የምሆነው አልኩ። እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን፣ ለመቀባት ከሆነማ አጥር ቀቢም አራት ዓመት ሳይማር ይቀባል አለችኝ።

ልትል ትችላለች። እኔ ግን የምወደው የዛሬውን አይደለም። የዛሬው ሜካፕ ሴቱን ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ያስመስለዋል። የድሮውን ነው የምወደው። ኩሉን ብቻ አሳዩኝና ፎቶው ስንት ዓመቱ እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ፈተና ነበረብኝ።

የድሮ ዘመን ታሪክ የሚቀርጽ የፊልም ቡድን አንድ ረዳት ይፈልጋል። አንድ ብቻ። ፈታኟ ሰው ሁሉ እትዬ ብሩሽ የሚላት ሴት ናት። ሠላሳ ዓመት ስትቀባ እጇ ተንቀጥቅጦ አያውቅም ይባላል። ትዕዛዟ አጭር ነበር። የዛሬ ስልሳ ዓመት የነበረ ፊት፣ በራስሽ ፊት ላይ። ግማሹን ቀቢ፣ ግማሹን ባዶ ተዪው፤ ልዩነቱን ልየው። ያረፈደች አትገባም።

ካላለፍኩ ሰኞ አጎቴ ቢሮ ሥራ እጀምራለሁ። ለእናቴ ቃል ገብቼላታለሁ።

ፎቶ ቤቱ የጎረቤታችን የጋሼ ነው። ፎቶ ማንሳት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ክፍሉን ለሁለት ሰዓት ስለምናቸው ዓይኔን ሳያዩ እሺ አሉኝ።

ጠባብ ነው። መስኮት የለውም። አንድ ወንበር፣ ዙሪያውን አምፖል የተደረደረበት መስታወት፣ ከመስታወቱ በላይ የአንዲት ሴት ትልቅ ፎቶ።

ወፍራም ኩል፣ ጫፉ ወደ ጆሮ የሚሮጥ። ክር የመሰለ ቅንድብ። የገረጣ ከንፈር።

የምፈልገው ፊት።

ማን እንደሆነች ጠየቅኳቸው። እዚሁ ክፍል ደንበኞችን ትኳኩል የነበረች ሠራተኛ ናት አሉኝ። ከዚያ በሩን ይዘው ትንሽ ቆሙ።

«ልጄ፣ ከጀመርሽ ጨርሺ።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ፊቱን። እሷ ግማሽ ፊት ትታ ከዚያ ወንበር ተነስታ አታውቅም።»

የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ ሳቅኩ። በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

ፎቶውን በስልኬ አነሳሁት፤ ቀና ደፋ ከማለት አጠገቤ ባየው ይሻላል ብዬ። ከዚያ ወደ ሥራዬ። ግራ ግራውን ብቻ። ፋውንዴሽን፣ ዱቄት፣ ቅንድብ፣ ኩል።

አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ቁርጥ እሷን ሆነ።

ለመጨረሻ ጊዜ ላነጻጽር ቀና አልኩ...

ፎቶው ላይ አንዱ ዓይኗ ኩል የለውም።

ስልኬን ከፈትኩ። ስልኩ ላይ ሁለቱም ዓይኖቿ ተኩለዋል። ግድግዳው ላይ ግራው ባዶ ነው።

የአምፖል ነገር ነው አልኩ። ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው በአንድ መረጃ አይደመድምም። ብሩሾቼን ሰብስቤ ተነሳሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

በሩ ተዘግቷል።

ገፋሁት። ሳብኩት። ግድግዳ መግፋት ነው።

«ጋሼ?»

ከበሩ ማዶ ወንበር ተንቋቋ። እዚያው ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ።

«ጨረስሽ?» በሹክሹክታ።

«አዎ። ይክፈቱልኝ።»

«ሁለቱንም?»

«ግማሹን ነው የምፈልገው።»

ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«እንግዲያው አልጨረስሽም።»

ቀልዱ ይቅርብኝ፣ ፈተና አለብኝ፣ ቁልፉን ያምጡልኝ አልኳቸው። ይሄ በር ቁልፍ ኖሮት አያውቅም አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። የቁልፍ ቀዳዳ የለ፣ መቀርቀሪያ የለ።

እትዬ ብሩሽ ጋ ደወልኩ። በር አልከፈት ብሎኝ ነው ስላት፣ በር ያቸነፋትን ሴት ምን አደርጋታለሁ አለች። ስለማመጣት ግን፣ ፊትሽን አንስተሽ ላኪ፤ የሚረባ ከሆነ እስከ አሥር ከሩብ እጠብቅሻለሁ አለችኝ። አንስቼ ላክሁ። ያነሳሁትን እንኳ መለስ ብዬ አላየሁም፤ ጊዜ የለኝም።

መልሷ ወዲያው መጣ። እጅሽ ግሩም ነው ይላል። ግን ግማሹን ነው ያልኩሽ፤ ሁለቱንም ለምን ቀባሽ?

መስታወቱን አየሁ። ቀኙ ባዶ ነው። አፍንጫዬ ጎን ያለችው ብጉር እንኳ ቁጭ ብላለች።

ስልኬን አየሁ። ሁለቱም ተቀብቷል።

ጥጥ አርጥቤ ባዶውን ዓይኔን ጠረግሁ።

ጥጡ ጠቆረ።

ሌላ ጥጥ አርጥቤ የተቀባውን ጠረግሁ። ነጭ። ፈተግሁት። ቆዳዬ እስኪቃጠል ፈተግሁት። ኩሉ ንቅንቅ አላለም። ጥጡም ነጭ...

ያን ጊዜ በሩን በጡጫ፣ በእርግጫ፣ በወንበር ደበደብኩት። ጮህኩ መሰለኝ። ከማዶ የጋሼ ድምፅ ሳይቸኩል መጣ።

«አትታገዪ ልጄ። ጨርሺና ውጪ።»

«ከጨረስኩስ?»

«ይከፈታል።»

«ከዚያስ?»

ወንበራቸው እንደገና ተንቋቋ።

ዘጠኝ ተኩል። ማልቀስም ጊዜ ይፈጃል። ወንበሩን አንስቼ ተቀመጥኩበት።

ግራው አንድ ሰዓት ነበር የፈጀብኝ። ቀኙ አራት ደቂቃ። ብሩሹን እኔ አልመራሁትም፤ መንገዱን ያውቀዋል። ስጨርስ ነው ያስተዋልኩት... ብሩሹ ግራ እጄ ላይ ነው።

ግራኝ አይደለሁም።

ወደ ፎቶው ቀና አላልኩም። ድፍረቱም ጊዜውም አልነበረኝም።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። መቼ እንደተከፈተ አልሰማሁም።

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ልጄ አላሉኝም።

«ይለፉ፣ እመቤቴ» አሉኝ።

ሮጥኩ።

አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ሲቀረው ደረስኩ። እትዬ ብሩሽ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። እንከን ፈልጋ አጣች። ግን ትዕዛዝ ትዕዛዝ ነው፣ ግማሹን እኔው አነሳዋለሁ አለችና ጥጥ በዘይት ነከረች።

ልነግራት ፈለግሁ። አይነሳም፣ አትሞክሪው ልላት። ጥጧ ቀደመኝ።

ግራ ጉንጬን ጠረገች። አንድ ጊዜ ብቻ።

ተነሳ።

ጥጡን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ከኋላዋ ያለውን በር ዘጋችና ጆሮዬ ስር ጎንበስ አለች።

«የማንን ፊት ነው የቀባሽው?»

«ከፎቶ ነው እትዬ። አንዲት የፎቶ ቤት ሠራተኛ...»

«ላዩን አይደለም» አለች። «ከሥሩ ያለውን ነው የምጠይቅሽ።»

ጠረጴዛው ላይ የእጅ መስታወት ነበር። እጄን ስዘረጋ ቀደመችኝና በፊቱ ደፋችው። ብሩሿን አንስታ የጠረገችውን ቦታ መልሳ ሸፈነችው።

እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ሥራው ያንቺ ነው» አለች። «አንቺ ግን ይሄን ፊት አትጠቢው። ቤትሽም፣ እዚህም። እኔ እስካለሁ እኔ አድሰዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

ብሩሿን ማጠብ ጀመረች።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ። እናቴ ደስ ብሏታል፤ ሥራ ተገኘ፣ ልጄም አማረባት ትላለች። ለመሆኑ ስትተኚም አታነሺውም ወይ ብላ ትስቅብኛለች። አብሬያት እስቃለሁ።

በየጠዋቱ ተዋናዮቹ ሳይመጡ እትዬ ብሩሽ ታስቀምጠኛለች። በሩን ትዘጋለች። መስታወቱን በፎጣ ትሸፍነዋለች። ሳንነጋገር ታድሰኛለች።

ትላንት ግራ ጉንጬ ላይ ስትደርስ ብሩሹ የሚያርፍበት ቆዳ አጣ።

ከቀለሙ አልፎ ወደ ውስጥ ገባ... እስከያዙት ጣቶቿ ድረስ።

ምንም አላመመኝም።