ያልተመታው ከበሮ

ባርናባስ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጀርባው ወደ መስኮቱ ዞሯል፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ተጀቡኗል፣ ከዘራው ከእግሩ ስር ወድቋል። ፊቱ ቀላ ከማለቱ የተነሳ በክፍሉ ካሉት ሰዎች ሁሉ ጤነኛው እሱ ይመስላል። ኢንስፔክተር አያንቱ እንዲህ ያለ ፊት ሱሉልታ ውስጥ ክረምት በገባ ቁጥር ታያለች።

«ከሰል» አለች።

«ከሰል» አለ ሳጅን ከማል። «ክፍሉ የእህል መጋዘን ነበር። ከበሩና ከመስኮቱ ሌላ መተንፈሻ የለውም፤ ሁለቱም ዝግ ነበሩ። አደጋ ብለን እንጻፈውና እንሂድ።»

«መስኮቱን ማን ዘጋው?»

መስኮቱ የላሜራ ነው፤ መቀርቀሪያው ያለው በውጭ በኩል ነው። ሟቹ ከወንበሩ ተነስቶ፣ በበር ወጥቶ፣ ግድግዳውን ዞሮ ከቀረቀረ በኋላ ተመልሶ ካልተቀመጠ በቀር የዘጋው ሌላ ሰው ነው።

አያንቱ በውጭ ዞራ መስኮቱን ከፍታ የውስጡን ደፍ በጣቷ አበሰችው። የቆየ የገለባ ብናኝ ነበር፤ ጣቷ ያለፈበት ላይ ብቻ መስመር ወጣ። ውጭ፣ ከዚያው ግድግዳ ስር፣ የከሰዓቱ በረዶ ገና ሳይቀልጥ ተከምሯል።

ባርናባስ የማርሽ ባንድ ጡረተኛ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሊቋቋም ለታሰበ የሰልፍ ከበሮ ቡድን ወጣቶችን የሚያዘጋጅ የክረምት ስልጠና ከፍቷል። ስልጠናውን «ክሊኒክ» ይለዋል። በሩ ላይ ስለጻፈው የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን ለክትባት ይዘው ይመጡ ነበር፤ እሱም ሳይስቅ ወደ ጤና ጣቢያው ይመራቸዋል። የቡድኑ መልማዮች የሚመጡት ነገ ነው። ማንን እንደሚወስዱ የሚነግራቸው እሱ ነበር፤ ሠልጣኞቹንም የሚመዝነው እዚህ ክፍል ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በተከፈተው መስኮት እያዳመጠ ነው። «ዓይን ያዳላል» ይል ነበር።

አስከሬኑን ያገኙት የግቢው ባለቤት ኦቦ ገርባ ናቸው። ዝናቡ ሲያባራ ሊጠይቁት ገቡ፣ ማንደጃውን አንስተው ጭቃው ላይ ወረወሩት፣ ከዚያ ጮሁ። አሁን አይጮሁም። ደጃፍ ላይ ቆመው ሜዳውን ያያሉ።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» ሲሉ እንደ ልማዳቸው ልጄ ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጧት።

«ናጋ፣ ኦቦ ገርባ። ክፍሉን እንዲለቅልዎት ጠይቀውት ነበር አሉ።»

«ጠይቄያለሁ። መኸር ሲደርስ እህሌን የት ላድርገው? ግን ክፍል ለማስለቀቅ ሰው የምገድል ብሆን ይሄ ሁሉ ተከራይ እስካሁን ባለቀ ነበር።»

«ከሰል አደገኛ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አቁሜ ነግሬያቸዋለሁ። መስኮት ካልተከፈተ ማንደጃ አይገባም! አምና እዚሁ ከኋላችን ባልና ሚስት ሞተውብናል።»

«የባርናባስ ረዳት አሰልጣኝም ነበር?»

«መልከጼዴቅ? ነበረ እንጂ። ፊት ለፊቴ ቆሞ አፍ አፌን እያየ ራሱን ሲነቀንቅ ነበር።»

መልከጼዴቅ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሌሎቹ በጭቃ ተለውሰው የእሱ ሱሪ ንጹህ ነው። አዲሱ ቡድን ሲቋቋም ዋና አሰልጣኝ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ የቀረው የባርናባስ ቃል ብቻ ነበር።

«መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ ሳይጠየቅ። «የከሰዓቱን ልምምድ እንደጨረስን በረዶው ድንገት ወረደ። ወደ መስኮቱ ሮጥኩ፤ በረዶው እየተወረወረ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ‹ልዝጋው ወይ ጋሼ?› አልኩት። ‹እሺ፣ ዝጋው› አለኝ። ያኔ ደህና ነበር።»

«ማንደጃውስ?»

«ያኔ ማንደጃ አልነበረም። ኋላ ሠልጣኟ ሄመን ይዛ ስትገባ አየኋት፤ ከሰሉ በደንብ አልተቀጣጠለም ነበር። ልጅ ናት፣ ኢንስፔክተር። ሆን ብላ ያደረገችው አይመስለኝም።»

ነፋሱ ብርዱን ይዞ መጣ። አያንቱ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና «የከሰዓቱ ልምምድ እንዴት ነበር?» አለች።

«ምን አሉኝ?»

ሻርፑን ዝቅ አድርጋ ደገመችው።

«ንጹህ ነበር። አንድም ስህተት የለበትም። ሄመን ራሷ ጎበዝ ነበረች።»

ከማል ከኋላው «አቶ መልከጼዴቅ፣ ስልክዎ ይጠራል» አለው። መልከጼዴቅ አልዞረም። አያንቱ ወደ ከማል ስታይ ነው ዓይኗን ተከትሎ የዞረው።

ሱልጣን የአንደኛው ከበሮ መቺ ነው። የቡራዩ ልጅ፣ ሃያ ዓመቱ፣ ምላሱ ፈጣን። ዛሬ ግን ቀልዱም ቢሆን እንደ ደረቅ ዳቦ ነበር።

«እኔን ነው የምትጠረጥሩት አይደል? ባርናባስ፣ ማለቴ ፋዘር፣ ለነገ አልመረጠኝም። ተናድጃለሁ። ስናደድ ግን የምሠራው አንድ ነገር ነው፣ ሄጄ መተኛት።»

«ስትሳሳቱ ምን ያደርጋል?»

«ላሜራውን በከዘራው ይነርተዋል። ከዚያ በቁጥር መጥራት ነው። ‹ሁለት! የት ሄድክ?› ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚሰማው። አሞት እንኳ አይምርም።»

«ዛሬ ከሰዓትስ?»

ሱልጣን ትከሻውን ነቀነቀ። «ሄመን ሳተች። አንዴ ቢሆን ጥሩ፤ ዙር በዞረ ቁጥር ነው። ምንም አላላትም። ለሷ ሲሆን ጆሮው አይሠራም ማለት ነው አልኩ በሆዴ።»

«መስኮቱ ዝግ ነበር?»

«ከሜዳው አይታይም፣ በጎን በኩል ነው። እሱ አያየንም፣ እኛም አናየውም። ጨዋታው እሱ ነው።»

«ሌላ የተለየ ነገር አለ?»

«ጠዋት ከመልኬ ጋር ተነጋግረው ነበር፤ ፋዘር ጆሮውን በጣቱ እያሳየ። ምን እንዳለው እንጃ። መጨረሻው ግን ተሰምቶኛል። ‹ከሰዓት አረጋግጣለሁ› ነው ያለው።»

ሄመን የአራተኛው ከበሮ መቺ ናት። በየማለዳው ከጫንጮ በሚኒባስ ትመጣለች። ተደርድረው በቆሙት ከበሮዎች አጠገብ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታያለች። አላለቀሰችም። አያንቱ አጠገቧ ስትቀመጥም አልተንቀሳቀሰችም።

«ማንደጃውን መቼ ነው ያስገባሽው?»

«ከምሳ በፊት። ብርድ ብርድ ብሎት ነበር። የጉንፋን መድኃኒት ውጧል፤ ‹እናንተ እስክትበሉ ሸለብ ላድርግ› አለ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ስወጣ አይቼዋለሁ።»

«ስታስገቢ ማን አየሽ?»

«ማንም።»

«ከሰዓት ለምን ሳትሽ?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «አልሳትኩም። ጋሼ ነው ያዘዘኝ። ‹መምቻሽን ሰንዝሪ፣ ቆዳው ጋ ሳይደርስ መልሺው። ለማንም እንዳትናገሪ› አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«እና ስትሠሪው?»

«‹አራት!› ብሎ እስኪጮህ ጠበቅኩ። በየዙሩ።»

ከማል አያንቱን ወደ ጎን ጠራት። «አዛዡ ደውሏል። ልጅቷን ይዛችሁ ኑ ነው የሚለው። ከሰሉን ያስገባችው እሷ፣ ከሰዓት አስገባች የሚል ምስክር አለ፣ ማንደጃው ደግሞ ጭቃ ውስጥ ነው፤ መቼ እንደተቀጣጠለ ማን ያውቃል? ነገ መልማዮቹ ሲመጡ እሷ ጣቢያ ናት።»

«መኪናው ትንሽ ይጠብቅ» አለች አያንቱ። «ሁሉንም ሜዳው ላይ አቁምልኝ። ከበሮዎቹን ያንግቱ።»

አምስቱ ወጣቶች ማንገቻቸውን በትከሻቸው አጥልቀው ተሰለፉ። የአምስቱ ከበሮ መጠን ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሄዳል፤ አንዱን ምት ለአምስት ተካፍለውት እያንዳንዱ በተራው አንዴ ብቻ ይመታል። በደንብ ከተሠራ አንድ ሰው ደረጃ እየሮጠ የሚወርድ ይመስላል። አያንቱ በሄመን ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለችና መልከጼዴቅን እንደ ልማዱ ከፊታቸው አቆመችው። ኦቦ ገርባና ከማል ዳር ቆሙ።

«ምቱ» አለች።

መቱ። ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። አስቆመቻቸው።

«ኦቦ ገርባ፣ ምን ሰሙ?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ? ግን መሐሉ ላይ ጥርስ የወለቀበት ነገር ነው።»

«ከማል?»

«አንድ ቦታ ይጎድላል።»

«ሱልጣን?»

«አራት የለችም።»

«አቶ መልከጼዴቅ፣ እርስዎስ?»

መልከጼዴቅ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ተመለከተ። የተባለውን ግማሹን ብቻ እንደያዘ ያስታውቃል። «ትክክል ነው» አለ። «ንጹህ ነው።»

ሱልጣን ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ግን ዘጋው።

«ሄመን እጇን ሰነዘረች እንጂ ቆዳውን አልነካችም» አለች አያንቱ ወደ መልከጼዴቅ ዞራ፣ አፏን ገልጣ፣ ቀስ ብላ። «ዓይን የሚያየው አምስት እጅ ነው። ጆሮ የሚሰማው አራት ከበሮ ነው። ይሄ ፈተና ለእሷ የወጣ አይደለም። ባርናባስ ያወጣው ለእርስዎ ነው። ጠዋት ጆሮውን እያሳየ የነገረዎትም ጆሮዎ መድከሙን ነው።»

«ጆሮዬ ትንሽ ይጮሃል» አለ። «የሁላችንም ይጮሃል።»

«ልጨርስ። ከሰዓት ልጅቷ በየዙሩ አጎደለች። እርስዎ ዝም አሉ፤ አልሰሙም። ባርናባስም ዝም አለ። እሱ ግን የሚሰማ ሰው ነው፤ ታሞ እንኳ ላሜራ የሚነርት ሰው ነው። ፈተናውን ያወጣ ሰው መልሱ ሲመጣ ዝም አይልም። ስለዚህ ልምምዱ ሲጀመር ወይ ሞቷል፣ ወይ ራሱን ስቷል። በረዶው የወረደው ደግሞ ከልምምዱ በኋላ ነው። ታዲያ በበረዶ መሐል ‹እሺ፣ ዝጋው› ያለዎት ማን ነው?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«አጠገብዎ ያለ ከበሮ ዝም ማለቱን ያልሰሙ ሰው፣ በረዶ ላሜራ ሲደበድብ የጉንፋን በሽተኛ ድምፅ ሰሙ? አፉን እንዳያዩ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቷል።»

መልከጼዴቅ ወደ ክፍሉ ዞሮ መልሶ አፏን ተመለከተ።

«በረዶው ወደ ውስጥ ይገባ ነበር አሉ። ደፉ ላይ ያለው ብናኝ ጠብታ አልነካውም። መስኮቱ የተዘጋው በረዶው ሳይመጣ ነው፤ በምሳ ሰዓት፣ እሱ ሲያሸልብ። ከሰሉም ልምምዱ ሳይጀመር እዚያው ነበረ ማለት ነው፤ ሄመን እንዳለችው። ‹ኋላ አስገባች› ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ‹ልጅ ናት› ብለው ጭምር።»

ኦቦ ገርባ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እንዲተኛ ነበር የፈለግኩት» አለ መልከጼዴቅ። ድምፁ ያለመጠን ከፍ ብሎ ወጣ፤ ከዚህ በፊት ሁልጊዜ እንደዚያ ይናገር እንደነበር ያኔ ነው ሁሉም ያስተዋሉት። «መስኮቱ ከተዘጋ ከበሮው አይቀሰቅሰውም አልኩ። አንድ ከሰዓት ብቻ። ነገ ከመረጡኝ በኋላ የፈለገውን ይንገራቸው አልኩ።»

«ማንደጃውን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ኦቦ ገርባ የነገሩዎትንስ?»

«አውቄያለሁ። ብዙ አይቆይም አልኩ።»

«ቆየ እንጂ። ልምምዱን በሙሉ። ደህና መሆኑን እንኳ ዞረው አላዩም? ያን ሁሉ ጊዜ ድምፁ ጠፍቶ?»

መልከጼዴቅ ጥያቄው እንዳልገባው ሰው አያት።

«ይጩህ አይጩህ እኔ በምን አውቃለሁ?» አለ።

ከማል ክንዱን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደው። ሲሄዱም ከማል የሆነ ነገር እየነገረው ነበር፤ መልከጼዴቅ ግን ወደ ፊት ብቻ ስለሚያይ አልመለሰለትም።

ሄመን ከበሮውን አወረደች። ጭቃውን በጃኬቷ እጅጌ ጠረገችለት፤ ንጹህ ከሆነ በኋላም መጥረጓን አላቆመችም።

«ወደ ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ» አለቻት አያንቱ። «ለነገ ከፈለግሽ ነይ። ሰዎቹ ይመጣሉ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ወይ ሞቷል፣ ወይ ራሱን ስቷል ነው ያሉት። የመጀመሪያው ዙር ላይ ዝም ሲለኝ ከበሮውን ጥዬ ሄጄ ባየው ኖሮ፣ ይተርፍ ነበር?»

አያንቱ ወደ ክፍሉ ተመለከተች። መስኮቱን ከከፈተችው በኋላ የዘጋው ሰው አልነበረም።

«አላውቅም» አለች። «ምናልባት ሐኪሙ ይነግረን ይሆናል። ምናልባትም አይነግረንም።»

ሄመን ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ መምቻዋን አንስታ፣ ቆማ፣ ከበሮውን አንዴ ብቻ መታችው። ድምፁ ግቢውን ሞልቶ ላሜራውን አርገበገበው። ትንሽ ጠበቀች። መምቻውን ከበሮው ላይ አኖረችና ወደ መንገዱ ወጣች። የሚኒባሱ ረዳት «ጫንጮ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የጎደለ!» እያለ ይጣራ ነበር።