ሳጥኑ የት አደረ?

ኢንስፔክተር ሮዛ ወደ ከብት መድኃኒት ነጋዴው ወደ ሰሊም ቤት የተጠራችው ትንሿ ልጁ ዐፋፍ በተቀበረች ማግስት ነው። ዐፋፍን የገደላት የደም ካንሰር መሆኑን ሞያሌ ሁሉ ያውቃል። እናቷ ሙስሊማ ግን ገዳይ አለ ትላለች። ያድናታል የተባለው አዲስ የተወለደው ወንድሟ የእትብት ደም ነበር። ደሙ በሳጥን ተልኮ ናይሮቢ፣ የእትብት ደም የሚያቆየው ባንክ ሲደርስ ግን በውስጡ ያሉት ሕዋሶች ሞተው ተገኙ። ሌላ መላ እስኪፈለግ ልጅቷ አልቆየችም።

«አማቴ ናት» አለች ሙስሊማ።

የሰሊም እናት ፋዱሞ፣ እትብቱና እንግዴ ልጁ እንደ ወጉ ግቢ ውስጥ ይቀበር ብለው ተሟግተው ነበር። አሁን ሕፃኑን እንዳይነኩ ተከልክለዋል፤ ከቤትም ይውጡልኝ ተብለዋል። እሺ፣ በዚህ ዕድሜያቸው የት ይሂዱ? የጠየቀ የለም።

ሮዛ ባንኩ ጋ ደወለች። ሕዋሶቹ የፈነዱት በረዶ ሆነው ነው አሏት። ይህንኑ ለፋዱሞ ነገረቻቸው።

«እኔ ነኝ ልጄ። ጻፊው» አሉ።

«በረዶውን ከየት አመጡት?»

ሮዛ ጓዳውን አይታለች፤ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር የለም። ምስኪን፣ ውሸት እንኳ አያውቁበትም።

ቀጥሎ የባንኩን ወኪል አዩብን አገኘችው። ሙስሊማ የፈለገችው የራሱን መልእክተኛ የሚልክ ሌላ ባንክ ነበር። ሰሊም ግን ቤት ድረስ መጥቶ በቋንቋቸው ያስረዳቸውን አዩብን አመነ። ሳጥኑን ተቀብሎ አውቶቡስ ላይ የጫነውም አዩብ ነው።

«ከሰሊም ስትቀበለው ሳጥኑ እንዴት ነበር?»

«ቀዝቃዛ። እንዲያውም ደስ አለኝ።»

«ምን ብለህ አስጠንቅቀኸው ነበር?»

«ሙቀት ይገድለዋል አልኩት።»

«ስለ በረዶስ?»

አዩብ አቀረቀረ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ባትናገረው በወደደች፤ ነገር ግን ንጹሕ ሴት ልትባረር ነው። ቀስ ብላ ጀመረች። ልጁ የተወለደው ማታ ነው፤ አውቶቡሱ የሚነሳው ጠዋት። ስለዚህ ሳጥኑ የሆነ ቦታ አድሯል። ፋዱሞ በረዶ የላቸውም፤ አዩብ እጅ የገባው ቀዝቅዞ ነው። ሰሊም ግን በቦሪና በኡራን መንደሮች ላሉ አርቢዎች የፍየል ክትባት ይወስዳል። ሙቀት የሚገድለውን መድኃኒት ሁሉ በረዶ ውስጥ ያቆያል፤ አንድም ቀን ተበላሽቶበት አያውቅም።

«ሰሊም፣ ሳጥኑ የት አደረ?»

«ሱቄ፣ የክትባቱ ፍሪዘር ውስጥ» አለ ወዲያው። «ከዚያ የተሻለ ቦታ ሞያሌ ውስጥ የለም። ማንም እንዳይከፍተው ብዬ ራሴ ቆልፌ...»

ወደ እናቱ ዞረ።

«እማ፣ ታውቂ ነበር?»

«ይዘኸው ስትወጣ አይቼሃለሁ። እሷ በረዶ ስትለኝ ገባኝ» አሉ ፋዱሞ። «ልጅህን ቀብረሃል። ይሄን ደግሞ እንዴት ትችለዋለህ?»

ሰሊም ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሙስሊማ ረጅም ጊዜ አየችው። ብትጮህ የሚፈርድባት አልነበረም፤ አልጮኸችም። ተነሥታ ሕፃኑን ለፋዱሞ አስታቀፈቻቸው።

«ይያዙልኝ፣ እናቴ» አለችና ሄዳ ባሏ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።