በክንዷ ላይ የቀረው መስመር

ልብስ ሰፊዋ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች። ከቀኝ እጇ አጠገብ ባዶ ስሪንጅ ወድቋል። ያበጠው ግራ ክንዷ ራቁቱን ከብርድ ልብሱ ውጭ ነው፤ ክርኗ መታጠፊያ ላይ አንዲት የመርፌ ነጥብ ትታያለች። ራስጌ ባለው ጠረጴዛ ላይ የባሏ የስኳር መድኃኒት፣ የኢንሱሊን ብልቃጥ ተቀምጧል። ከጎኑ ጥብቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ፋሻ አለ።

በቤቱ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም።

የመጣችው መርማሪ ባልደረቦቿም ከተማውም «ወንፊት» የሚሏት ናት፤ ነገር ሳታበጥር አታሳልፍም ለማለት ነው። ክንዱ ላይ አጎነበሰች። ከሟች እጅ አንጓ እስከ ትከሻዋ ድረስ ፋሻው የነበረበት ቦታ ጎድጎድ ባሉ መስመሮች ጥርት ብሎ ይታያል። ቆዳውን በጣቷ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው።

«ራሷን ነው ያጠፋችው» አለ ባልየው ከበሩ ላይ። ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው። «ጡቷ በካንሰር ከተቆረጠ ጀምሮ ያ ክንድ አንገፍግፏት ነበር።»

«ማታ መጨረሻ ያዩዋት እርስዎ ነዎት?»

«ወተቷን ወሰድኩላት። እህቷ ታፈላለች፣ እኔ እወስዳለሁ፤ የሁልጊዜ ነው። ጠጥታ ተኛች። እኔ ክንዷን እንዳልጫናት ብዬ ሳሎን ነው የምተኛው።» ድምፁ የአየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው ድምፅ ነበር።

ከታች ባለው የስፌት ክፍል፣ «መቀስ» የምትባለው ጨርቅ ቆራጭ ሥራዋን ሳታቋርጥ መለሰች።

«ትናንት ከሟች ጋር ተጣልታችኋል አሉ» አለች ወንፊት።

«ተጣልተናል። ጨርቅ አበላሸሽ አለችኝ። ያልተጣላንበት ቀን እሑድ ብቻ ነው፤ እሑድ ሥራ የለም።»

«ወደ ቤቱ ገብተሽ ነበር?»

«ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ ጠጣሁ። ወተቱ እሳት ላይ ነበር። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ በሩን ከኋላዬ ቆለፉት።»

የሟች ታናሽ እህት ወጥ ቤት ቆማ ኩባያ ታጥባለች። አርባ አልሞላትም፤ ፀጉሯ ግን ሸብቷል።

«ክንዷን የምትይዥላት አንቺ ነሽ?» አለች ወንፊት።

«እኔ ነኝ። ጠዋት ፋሻ እጠቀልልላታለሁ። ማታ ከመተኛቷ በፊት እፈታላትና ቅባት ቀብቼ ወደ ላይ ወደ ላይ አሻታለሁ።»

«ትናንት ማታስ?»

«ትናንትም እንደዚያው። ፈታሁላት፣ ቀባኋት፣ ወጣሁ።»

ወንፊት ወደ ሆስፒታል ሄደች። ክንዱን ይከታተል የነበረው ሐኪም ወረቀት ሳያወጣ በገዛ ክንዱ ላይ እያመለከተ አስረዳት።

«ደም ሥጋችን ውስጥ ሲዞር ጥቂት ውሃ እየተወ ያልፋል። ያንን ውሃ ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልስ ሌላ የቀጫጭን ቧንቧዎች መረብ አለ፤ ሊምፍ እንለዋለን። እንደ ደም ልብ የለውም፤ የሚገፋው ጡንቻና ትንፋሽ ነው። ብብት፣ አንገትና ብሽሽት ላይ ያሉት እጢዎች ደግሞ ጀርሙን ያጣራሉ።»

«ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው?»

«እነሱው። የአንቺ ስም ዘመዶች ናቸው፤ ወንፊቶች። የእሷ የብብት እጢዎች ከጡቷ ጋር ወጡ። መንገዱ ሲዘጋ ውሃው ክንዷ ውስጥ ቀረ።»

«ፋሻው ማታ ቢፈታ ጠዋት ምን ይመስላል?»

«ክንዱ መልሶ ይሞላል። የፋሻው መስመር አይገኝም።»

«ልብ ከቆመ በኋላ ቢፈታስ?»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። «ያኔ አዲስ ውሃ ከየት ይመጣል? መስመሩ እንደታተመ ይቀራል።»

«ይህ ሕመም መዳኛ የለውም?»

«የሊምፉን ቧንቧ ከደም ሥር ጋር የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና አለ። ለሁሉም አይሆንም፤ እሷን ግን ብዙ ይረዳት ነበር። ከዓመታት በፊት ነገርኳትና እምቢ አለች። ሰሞኑን ስትመጣ ‹አሁንም አልወሰንሽም?› አልኳት።»

«እህቷ ነበረች?»

«ነበረች። ፋሻውን እየጠቀለለች ነበር። እጇ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለች።»

በዚያው ዕለት ማምሻውን የአስከሬን ምርመራው የመጀመሪያ ውጤት ሲደርስ ወንፊት ሦስቱንም በስፌት ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። በማሽኖቹ መካከል ተቀመጡ።

«ሆዷ ውስጥ የተገኘው ብዙ የእንቅልፍ መድኃኒት ነው» ብላ ጀመረች። «በወተት ነው የጠጣችው። መርፌው ግን ከቆዳው ሥር ደም አላቋጠረም፤ የተወጋችው ከሞተች በኋላ ነው። ራሷን ያጠፋች ለማስመሰል። ቀኝ እጇ የሚደርሰው ግራው ላይ ስለሆነ፣ የግራውን ፋሻ መፍታት ግድ ሆነ።»

መቀስን አየቻት። «አንቺ ወተቱ አጠገብ ደርሰሻል፤ ነገር ግን በሩ ተቆልፎብሻል። መርፌውን ያስቀመጠው ሰው እዚሁ ያደረ ነው።»

ከዚያ አልጋው ራስጌ ተጠቅልሎ የተገኘውን ፋሻ ፈትታ ለባልየው ሰጠችው። «እስኪ ይጠቅልሉት።»

ሞከረ። ፋሻው ከጣቶቹ አምልጦ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። «ስኳሩ ጣቴን አደንዝዞታል» አለ። «መርፌዬንም የምትወጋኝ እህቷ ናት።»

ሁሉም ወደ እህቲቱ ዞሩ።

«ማታ ፈታሁላት፣ ቅባት ቀባኋት ብለሽኛል» አለች ወንፊት በዝግታ። «ቆዳዋ ላይ ቅባት የለም። ማታ ተፈትቶ ቢሆን ደግሞ ክንዷ ሞልቶ መስመሩ በጠፋ ነበር። የፈታሽው ከሞተች በኋላ ነው። ከዚያ እጅሽ እንደለመደው ጠቀለልሽው። የሁልጊዜውን ትናንት ማታ ለምን አላደረግሽም?»

«ያንን ክንድ መንካት አቃተኝ» አለች እህቲቱ።

የሚቀጥለውን የተናገረችው ጉልበቷን እያየች ነው።

«አስተማሪ ልሆን ትምህርት ጀምሬ ነበር። እትዬ ታመመች ሲሉኝ ጥዬ መጣሁ። መዳኛ የለውም አለችኝ፤ አመንኳት። ሐኪሙ ያንን ሲናገር ምንም አልተሰማኝም። ትናንት ነው የጠየቅኋት። ‹ክንዴ ቢድን አንቺ ምን ትሠሪ ነበር?› አለችኝ። ያዘነችልኝ ይመስል ነበር። እኔም ከዚያ ክንድ ሌላ ሥራ አልታየኝም። ያን ጊዜ ተነስቼ ወተቱን ጣድኩ።»

ከደጅ የቆሙት ፖሊሶች ተጠሩ። ባልየው የተዘረጋውን ፋሻ እየተመለከተ ነበር።

«ማታ መርፌዬን ማን ይወጋኛል?» አለ።

«መቀስ ትወጋዎታለች፣ ጋሼ» አለች እህቲቱ ነጠላዋን እያስተካከለች። «አሳይቻታለሁ።»

መቀስ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «ከሐኪም ቤት የተመለሱ ዕለት ነው ያሳየችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።»

ወንፊት እህቲቱን አየቻት። «ያኔ አስበሽው ነበር ማለት ነው?»

«አይ» አለች እህቲቱ። «ያኔ እንኳ ይህን ቤት ለቅቄ ልሄድ ነበር ያሰብኩት።»