ያልተቀዳ ደም

ወርቅ ሠሪው አማኑ ሰኞ መስከረም አምስት፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ የአእምሮ ክሊኒክ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። የክሊኒኩ ኃላፊ ፕሮፌሰር ሉልሰገድ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ጥፋተኛ አገኙ፤ እህቱ የሺዓለም ጸበል ወስዳ አንድ ነገር አጠጥታዋለች አሉ። ፖሊስ ያዛት። አባቷም ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሚፈጸመው ቀብር ዓይኗን ማየት አልፈልግም አለ።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ኢንስፔክተር ሰምሃር ሁሉንም በፕሮፌሰሩ ቢሮ ሰበሰበች። ግድግዳው በምስክር ወረቀት ተጨናንቆ መስኮቱ የተረፈው በዕድል ነው። ነርሱ መርሻ፣ ሕፃኗን የታቀፈችው ዶክተር ፀደንያና ከፖሊስ ጣቢያ የመጣችው የሺዓለም ተቀምጠዋል።

ሰምሃር አስከሬን መርማሪው መርዝ እንዳላገኘ ነገረቻቸው። አማኑን የገደለው ኢንፌክሽን ነበር። አማኑ በፕሮፌሰሩ ጥናት ውስጥ ይወስደው የነበረው፣ ሌላ መድኃኒት ሁሉ እምቢ ላለው ሰው የሚሰጠው መድኃኒት፣ አንዳንዴ ኢንፌክሽን የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል ይጨርሳል፤ ስለዚህ በየማክሰኞው ደም ተቀድቶ ይቆጠራል።

«ጳጉሜን ላይ ጉሮሮውን ሲያመው ይዤው መጣሁ» አለች የሺዓለም። «ደም የሚቀዳ የለም፣ በአዲስ ዓመት ተመለሱ ተባልኩ። ጸበሉ ቀጠሮ አይጠይቅም። እሑድ ማታ ሲብስበት ነው እዚህ ያስተኛሁት።»

«ምርመራው ተመዝግቧል» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ተመዝግቧል፤ ነሐሴ ሃያ ሰባት፣ ቀጥሎ መስከረም አራት፣ ውጤቱም ደህና» አለች ሰምሃር። «ከነሐሴ ሃያ ሰባት በኋላ ያለው ማክሰኞ ጳጉሜን አራት ነው። መስከረም አራት እሑድ ነበር፤ ላቦራቶሪውም ዝግ ነው። መዝገቡ ያለበትን ኮምፒውተር የምትከፍቱት ሦስታችሁ፣ በአንድ የይለፍ ቃል፤ እሱም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። መርሻ ጳጉሜን ሙሉ ፈቃድ ላይ ነበር፤ ዕረፍቱን በጣቱ ሲቆጥር ነው የከረመው። ዶክተር ፀደንያ ጳጉሜን ሁለት ወለደች። እነሱ ጳጉሜን አይረሱም። እርስዎ ግን ውጭ አገር ስብሰባ ላይ በፈረንጅ ቀን ሲኖሩ ከርመው መስከረም ሦስት ገቡ። ልጁ ሲሞት ክፍተቱን ሊሞሉ ተቀመጡ። ሃያ ሰባት ላይ ሰባት ደመሩ፣ ሠላሳ ቀነሱ፣ አራት መጣ፤ ጳጉሜንን ዘለው መስከረም አራት ብለው ጻፉ።»

ሕፃኗ ተነጫነጨች፤ ዶክተር ፀደንያ እሹሩሩ አለቻት።

«የሃያ ዓመት ጥናት ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ስንት ሺህ በሽተኛ የሚጠብቀው። በአንድ ሰው ይፍረስ?»

«አንዱ ሰው ወንድሜ ነው፣ ጋሼ» አለች የሺዓለም። «አባቴ እኔ የገደልኩት ይመስለዋል። ደውለው ይንገሩት።»

ሰምሃር ደውላ ስልኩን በፕሮፌሰሩ ጆሮ ላይ ያዘችላቸው። አባትየው አነሳ። ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስማቸውን ከነማዕረጋቸው፣ ከነሽልማታቸው መናገር ጀመሩ።

«እሱን ይተዉት» አለች ሰምሃር። «ከሠሩት ይጀምሩ። ለቀብሩ ሁለት ሰዓት ነው የቀራት።»